የኪዳነ ምሕረት ጋንና የይታያል ዓሣ

ደብረ ኤልያስ ለቅሶ ደርሼ ወደ ማርቆስ ስመለስ ነው ያገኘሁት። ቅጥቅጡ አውቶቡስ ሞልቶ፣ ወደ ኋላ ባለው የሦስት ሰው ወንበር ላይ ብቻ አንድ ክፍት ቦታ ቀርቶ ነበር። መስኮቱ ጥግ ጋን ተቀምጧል። የጠላ ጋን፣ ትልቁ። በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ወገቡ በገመድ ታስሮ፣ ሐኪም ቤት እንደሚወስዱት በሽተኛ ወደ መስኮቱ ዘመም ብሏል። መሀል ላይ ጢሙ መሸበት የጀመረ ጠይም ሰው አንድ ክንዱን በጋኑ ትከሻ ላይ ጥሎ ተቀምጧል።

“ወንድሜ፣ ይህ ቦታ ሰው አለው?” አልኩ።

“የለውም፣ ተቀመጭ እህቴ። ጋኑ የራሱን ቦታ ይዟል።”

ገና ሳልደላደል ረዳቱ መጣ። “ጋሼ፣ አሁንም ልለምንዎት። ፖርቶመጋላ ላይ ጥሩ አድርጌ ልሰረው፣ ሰው ቆሞ ቀረ እኮ!”

“ለጋኑ የሰው ሒሳብ ከፍያለሁ” አለ ሰውዬው ቀና እንኳ ሳይል። “ሰው ፖርቶመጋላ ላይ ታስራለህ?”

ከኋላችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ “ሰው ከሆነማ ጋቢውን ግለጥላትና ሰላም ትበለን እንጂ! ሙሽራ ናት መሰለኝ” አሉ። አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ሰውዬው አልሳቀም። ጋቢውን ሳብ አድርጎ የጋኑን አፍ ይበልጥ ሸፈነው።

እኔ ደግሞ አጠገቤ ያለ ሰው ዝም ካለ አፌን ይበላኛል። መኪናው ከከተማ ወጥቶ አቧራው ሲጀምር፣ “ለድግስ ነው?” አልኩት።

“ለኪዳነ ምሕረት። ለየካቲቷ። ማኅበሩ ዘንድሮ በባለቤቴ ተራ ነው የዋለ።”

“ታዲያ ማርቆስ ጋን ጠፋ?”

“ማርቆስ ጋን አልጠፋም። የኛን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።”

“ውይ! ተሰበረ?”

“ቢሰበርማ በስንት ጣዕሙ! ዓሣ አጠንኩበት።”

መጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ነበር። ፊቱን ሳይ ግን የቀልድ ምልክት የለበትም።

ይታያል ይባላል። ትውልዱ ደብረ ኤልያስ ነው፤ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ሲሰፋ ግን ጢሙ ሸበተ። ከጥምቀት በፊት የስፌት መኪናው እረፍት የለውም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደግሞ ቁልፍ የሚያስተክል እንኳ አይመጣም፤ ሁሉም አዲሱን ለብሷላ። ስለዚህ በየዓመቱ ያኔ ሱቁን ይዘጋና ዓባይ ወዳለበት ወደ ቆላው፣ ዘማርያም ወደሚባል አብሮ አደጉ ይወርዳል። ሁለቱ መረብ ይጥላሉ፣ እዚያው ወንዝ ዳር እየጠበሱ ይበላሉ፣ ይተኛሉ።

“ዓሣ እወዳለሁ” አለኝ ድምፁን ቀነስ አድርጎ። “እንደኔ እዚህ ደጋ ላይ ተወልዶ ዓሣ የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም። የብርጓል፣ ባለቤቴ ማለት ነው፣ ዓሣ ሆቴል ገብተው የሚበሉት እንጂ ቤት የሚገባ አይመስላትም። ‘ይህን እሾሃም ነገር እዚያው በልተህ አፍህን ታጥበህ ና’ ነው የምትለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንደዚያው አደረግሁ። እዚያው በልቼ፣ አፌን ታጥቤ።”

ዘንድሮ ግን መረቡ ሲወጣ ሁለት ሰው መሳብ አቃተው። ነጭ ዓሣ፣ ወፋፍራሙ። አምባዛ የሚባለውን ቅርፊት የሌለውን ሲያገኙ መልሰው ጣሉት፤ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም በሚባልበት አገር ለማን ይወሰዳል? ቅርፊታሙን ሆዱን ቀደው፣ ጨው ነስንሰው፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው አሰሩት። ይታያል ይህን ሁሉ ተሸክሞ ማርቆስ ሲገባ የብርጓል ቤት የለችም። የአክስቷ ተዝካር ሆኖ ወደ አገሯ ወደ ቁይ ሄዳለች። እሱም በልቡ ደስ አለው። ፍሪጅ ውስጥ ደብቄ እሷ ሳትሰማ ቀስ እያልኩ እበላለሁ ብሎ ነበር።

“መብራት የለም!” አለና ጉልበቱን መታ። “በሩን ብከፍተው ፍሪጁ ቁም ሳጥን ሆኗል። ሌላ ሰው ቢሆን ለጎረቤት ያከፋፍል ነበር። እኔ ለማን ልስጥ? ሔዋን የምትባል አጥር የምንጋራ ጎረቤት አለችን፣ እሷን ጠራኋት። አጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ አየችውና ‘አያ ይታያል፣ ዓይኑ ያየኛል፣ እኔ አልበላም’ ብላ ተመለሰች።”

ዘማርያም ዓሣ ጭስ ውስጥ ከዋለ ይቆያል ብሎት ያውቃል። እንዴት እንደሚደረግ ግን አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀ። በመጀመሪያ ያገኘው አሮጌ በርሜል ነበር። ያገኘው እንጨት ደግሞ ያው የአገሩ እንጨት፣ ባሕር ዛፍ። ቅጠሉ ያለበትን ጨምሮ አጨሰው።

“ውጤቱ ምን ሆነ?” አልኩት።

“ጉንፋን ሲይዝሽ ባሕር ዛፍ ቀቅለሽ ታጥነሽ ታውቂያለሽ? እሱን ብይው። አንዱን ጎርሼ አፍንጫዬ ተከፈተ። ሔዋን ደግሞ ጭሱ ገብቶባት ‘አያ ይታያል፣ ዓሣው ጉንፋን ያዘው እንዴ?’ ትለኛለች።”

እዚህ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን ቀጠለ።

“ሳቂ፣ ማን ከለከለሽ። ያን ሁሉ ጣልኩት። ግማሹ ግን ገና ጆንያ ውስጥ ነው። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እኔ እኮ ጭስ የማላውቅ ሰው አይደለሁም! እናቴ ጋን ስታጥን እያየሁ አይደለም ወይ ያደግሁት? ፍም ታደርጋለች፣ የወይራ ስንጣሪ ትጨምርበታለች፣ ጋኑን ትደፋበታለች፣ ጭሱ እንዳይወጣ ጠርዙን ትመርጋለች። ከዚያ የተሻለ ማጠኛ በምድር ላይ አለ? ወይራ ቤት አለ፤ የብርጓል ለጠላዋ ያስቀመጠችው። ጋን ቤት አለ። ምን ልጠብቅ?”

ጉድጓድ ቆፈረ። ፍሙን አደረገ፣ ወይራውን ጨመረ። ሦስት ድንጋይ አቁሞ የሽቦ ወንፊት ጣለ፣ ዓሣውን ደረደረ፣ ጋኑን ደፋበት፣ ዙሪያውን በጭቃ መረገ። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጦ ጭቃው በተሰነጠቀ ቁጥር እየደፈነ ዋለ።

“ስከፍተው” አለና እጁን ከጋኑ ላይ አነሳ፤ መንገዱን ሁሉ ሲያነሳው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። “ስከፍተው እህቴ፣ ወርቅ! ቆዳው ወርቅ መስሏል። ሥጋው ጠብቆ፣ ዘይቱ እየወዛ። ቅርፊቱን ሳልገፍ ያጠንኩት ለምን ይመስልሻል? አምባዛ ነው ብሎ የሚጠረጥረኝ እንዳይኖር ነው። ማንም ይምጣ፣ ቅርፊቱን አይቶ ይብላ ብዬ። ማንም አልመጣም። ድመቷ መጣች።”

“ብቻህን በላኸው?”

“ብቻዬን። አንዱን ቀን ሥጋውን ፈልፍዬ በበርበሬ ፍርፍር ሠራሁት፣ ቋንጣ ፍርፍር ብለሽ ትምይበታለሽ። ጭንቅላቱንና አከርካሪውን ቀቅዬ ሾርባ ጠጣሁ። አንድም ነገር አልጣልኩም። የተረፈውን አጥንት እንኳ ለተክል ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ጓሮ ካለው ከጌሾው ሥር ቆፍሬ ቀበርኩት።”

“ጥሩ አደረግህ።”

“ጥሩ አደረግሁ? የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተሰብስቦ ጌሾውን ከነሥሩ ገለበጠው! ጠዋት ስወጣ ጓሮው የታረሰ መሬት መስሏል። ሦስት እግር ጌሾ፣ ጠላው የሚጠመቅበት፣ ሥሩ ወደ ሰማይ።”

ከኋላ ያሉት ሽማግሌ ለካ ጆሯቸውን ሰጥተው ይሰማሉ። “ልጄ” አሉ ጣልቃ ገብተው፣ “ይህ ዓሣ ሳይሆን ጦስ ነው። ወደ ወንዙ መልሰው።”

“አለቀ፣ አባቴ። በልቼዋለሁ ከጥቂቱ በቀር።”

ተገላገልኩ ብሎ ጌሾውን መልሶ ተክሎ፣ ከዚያ ወደ ጋኑ ዞረ። ጋኑ ይሸታል። ውስጡ በዓሣ ዘይት ወዝቷል። የብርጓል ሳትመጣ አጥባለሁ ብሎ ተነሣ።

“በግራዋ ፈተግኸው?” አልኩት።

“ግራዋ የት አለ በዚያ ሰዓት? በዱቄት ሳሙና አጠብኩት። በፍል ውኃ፣ በደንብ አድርጌ።”

“ሸክላ በሳሙና?!” ብዬ ጮህኩ። ፊት ለፊት የተቀመጠች ልጅ እግር ሴት ሳይቀር ዞራ አየችው። ጋን እንደሆነ የሰጡትን ሁሉ የሚጠጣ ነገር ነው፤ ዓሣውን ጠጥቶ በላዩ ሳሙና አጠጡት።

“እንዳንቺ ነው የጮኸችብኝ እሷም፤ ያውም መጨረሻ ላይ። መጀመሪያማ የሚያምር ጋን ነው ያገኘችው። የሳሙና ሽታ አለው እንጂ ዓሣ አይልም። ‘አጠብክልኝ እንዴ? ተባረክ’ አለችኝ። ተባረክ! መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ‘ተባረክ’ ካለችኝ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገራት?”

የብርጓል ጥንስሷን ጣለች፣ ደፈደፈች፣ ከደነች። ከቀናት በኋላ ስትከፍተው ድፍድፉ አረፋ ደፍቋል። ጠላ አረፋ አያጣም፤ ይኼኛው ግን የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አረፋ ነው። ጣቷን ነከረች፣ ቀመሰች። “ይታያል” ብላ ጠራችው፣ “እዚህ ውስጥ ምን ነበረ?”

“ምንም” አላት።

ጣቷ ላይ የተጣበቀውን ነገር በብርሃን አየችው። “ይኼ ምንም የምትለው ነገር” አለችው፣ “ቅርፊት አለው ወይስ የለውም?”

የዓሣ ቅርፊት ነበር። ያን ሁሉ ታጥቦ አንዷ ቀርታ።

ጋኑ የእናቷ ነው። እናቷ ቁይ ሲጠምቁበት የኖሩበት፣ ሲሞቱ ለሷ የደረሳት። በላዩ ደግሞ የማኅበሩ ቀን እየመጣ ነው። ይታያል ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ያለው ብስጭት ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

“አምና ጥሩብርሃን በምትባል ማኅበርተኛ ቤት ጠላው ሆምጥጦ ነበር። እስከ ዛሬ ሴቶቹ ስሟን ሲያነሱ ጠላዋን አብረው ነው የሚያነሱ። የብርጓልም ከሚያነሱት አንዷ ናት! አሁን ተራዋ ሲደርስ ዓሣ ዓሣ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል ጠላ ታቅርብ? ቁርጡን ነገረችኝ። ‘ጠላ የለመደ ጋን ካላመጣህ እኔ ቁይ ወገኖቼ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ለማኅበርተኞቹ አንተ ራስህ በር ላይ ቆመህ ዓሣህን ታስረዳለህ’ አለችኝ። ታደርገዋለች! አታውቂያትም።”

አዲስ ጋን ገበያ ላይ ሞልቷል። ግን በአዲስ ጋን ለማኅበር የሚጠምቅ የለም፤ ጠላው አፈር አፈር ይላል። የለመደ ጋን ያለው ጎረቤት ሁሉ ደግሞ ለራሱ ድግስ ይዞታል፤ ያልያዘውም ወሬውን ሰምቶ ሰሰተ። የቀረችው ደብረ ኤልያስ ያለች ታላቅ እህቱ፣ ብዙዬ ናት።

“ብዙዬ ደግሞ ጋኑን ከመስጠቷ በፊት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አስነገረችኝ። ‘እስኪ ንገራቸው፣ በምን አጠብኩት አልክ?’ እያለች። በልጅነቴ ካደረግሁት ጥፋት ጀምራ ቆጠረችብኝ። ‘ወደ ቤትህ እስክትገባ ከጉያህ እንዳይወጣ። ዓሣ ባለፈበት መንገድ እንዳታሳልፈው’ ብላ በጋቢዬ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እና አቅፌዋለሁ። አሁን ገባሽ ለምን ፖርቶመጋላ እንዳላስጫንኩት?”

መናኸሪያ ስንደርስ ጋኑን ብቻውን ባጃጅ ውስጥ ማስገባት እንደማይችል አየሁ። ሰፈሩም ከሰፈሬ አይርቅም። “በል በአንድ ወገን ልያዝልህ” አልኩት። በሁለት በኩል አቅፈነው፣ ባለ ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ይታያል “ቀስ! ቀስ በል አንተ!” እየጮኸ፣ ከበሩ ደረስን።

የብርጓል በር ላይ ቆማለች። አጭር፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት ናት። ባሏን አላየችውም፤ እኔን ነው ሰላም ያለችው። “እርስዎን ደግሞ ከየት አምጥቶ አስቸገረዎት?” አለችኝ። ሔዋንም ከጎረቤት ብቅ አለች። ጋኑን ግቢ ውስጥ አስቀመጥነው። የብርጓል ገመዱን ፈታች፣ ጋቢውን ገለጠች፣ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ቀና አለች።

“ዓሣ ይሸታል።”

ይታያል ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። “ኧረ በኪዳነ ምሕረት! ይህ ጋን ዓሣ አይቶ አያውቅም! የብዙዬ ጋን ነው!”

“ይሸታል አልኩህ።”

“እኔ ነኝ እንግዲያስ! እኔ ነኝ የምሸተው!”

“አንተ ከሆንክ ራቅ በል።”

ወደ አጥሩ ሄዶ ቆመ። እንደገና አሸተተች። “አሁንም አለ።” ያኔ ሔዋን የጋቢውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ አነሳችው። “እሜቴ የብርጓል፣ ይኼ ጋቢ እኮ ነው። ዓሣውን ሲያጥን ቀኑን ሙሉ ለብሶት የዋለው” አለች። ጋቢው ከአጥሩ ላይ ተጣለ፣ ከይታያል አጠገብ። ሁለቱም እዚያ ቀሩ።

የብርጓል ግን ልቧ አላረፈም። “ከዚያ ቀን ወዲህ አፍንጫዬ ጠፍቷል” አለች። “እንጀራው ዓሣ ይለኛል፣ ትራሱ ዓሣ ይለኛል። ሔዋንም ያው ጭሱ ውስጥ የከረመች ናት፣ አላምናትም። እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጠላዬን ሰው ፊት የማቀርበው በርስዎ አፍንጫ ነው።”

እንዲህ ያለ ዳኝነት ተሰጥቶኝ አያውቅም። ነጠላዬን ወደ ኋላ ጣል አድርጌ ራሴን ወደ ጋኑ አስገባሁ። ጨለማ ነው። መጀመሪያ ወይራ መጣ። ቀጥሎ ጥንጁት፣ ያ ሴቶች ጋንና የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት ቅጠል። ከሥሩ የከረመ ጠላ፣ ኮምጠጥ ያለ። ትንፋሼን ሰብስቤ እንደገና ሳብኩ። ዓሣ ፈለግሁ፣ የለም።

“ንጹሕ ነው” አልኩ።

“በማርያም?”

“በማርያም። ወይራና ጠላ እንጂ ሌላ የለውም።”

የብርጓል እዚያው የጋኑ አጠገብ ቁጭ አለችና ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ወዲያው ተነሥታ ሔዋንን ግራዋ ቁረጭ፣ ውኃ ቅጂ ማለት ጀመረች። አጥሩ ሥር የቆመው ሰው ወደ ፊት አንድ እርምጃ ራመድ አለ።

“እንግዲህ… የድሮውን ጋን ልውሰደው?” አላት በለሰለሰ ድምፅ። “ለጠላ እንደሆነ አይሆንም። ለዓሣ እንኳ…”

“የእናቴን ጋን?” የብርጓል ዞራ አየችው፤ ከመጣን ጀምሮ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። “የእናቴ ጋን ባዶውን ይቀመጣል። ጠላም አይገባበት፣ ዓሣም አይገባበት። ያንን የሰቀልከውን የቀረ ዓሣ ደግሞ ዛሬውኑ ከማጀቴ አውጣ። እሱ እዚያ እያለ ጥንስስ አልጥልም።”

ይታያል ወደ ማጀት ገብቶ በጨርቅ ከረጢት የታሰረ ነገር ይዞ ወጣ። ከልብስ ቅዳጅ ራሱ የሰፋው ከረጢት ነው፣ ስፌቱ ያምራል። እኔን ለመሸኘት እስከ በሩ አብሮኝ መጣ።

“ይኸው፣ የቀረችው” ብሎ ከረጢቱን ከፈተ። አንድ ዓሣ፣ ቅርፊቱ እንዳለ፣ የደረቀ፣ ወርቅማ። እንዳለውም ያምራል። “እንዴት ቀለም ይዟል!” አልኩና ጠጋ ብዬ አሸተትኩት።

ከረጢቱን ቀስ ብሎ አሰረው።

“አንቺም?” አለኝ። “ስንት ሰው አሽትቶ ፈረደብኝ፣ እህቴ። አንድ ሰው እንኳ ቆርሶ፣ ቀምሶ፣ ‘ይታያል፣ ይኼ ዓሣህ አይጥምም’ ቢለኝ እኮ ይወጣልኝ ነበር።”